የጭቃ ወፎችና የኻልቶ ዘሀራ ሳህን

በፈረንጅ አቆጣጠር 1994 ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። እናቴ «አሥር ገብተሃል» ትለኝ ነበር። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈ ሰው ስለሌለ እኔ ዘጠኝ ብዬ ይዤዋለሁ፤ አሁንም አልለውጠውም። የምንኖረው ካርቱም፣ ጀሪፍ ነው፤ ከዓባይ ዳር ብዙም ሳንርቅ፣ የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ እስከ ግቢያችን በሚመጣበት ሰፈር።

አሁን አርባን ካለፍኩ ጥቂት ጊዜ ነው። ግን ጢሜ ነጭ ነው፣ ጥርሴም አልቋል፣ ልጆቹ ሁሉ ሽማግሌ ይሉኛል። እኔም ተቀብያለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። ጠልህ ጠልህ ትሸታለች። ጠልህ የግራር ዓይነት እንጨት ነው፤ የሱዳን ሴቶች ገላቸውን ይታጠኑበታል። ሽታው ሰው ላይ ከተጣበቀ ሳሙና አያስለቅቀውም። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ስለዚያች ሴት ብዬ አይደለም፤ ኻልቶ ዘሀራ ትዝ ብላኝ ነው።

ኻልቶ ማለት የእናት እህት ነው። እናቴ ጀብራ በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥራ ነበር፤ እዚያው ታድራለች፣ ወደኛ የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ነው። አባቴ ሱዳናዊ ነው፤ መልኩን አላውቀውም፣ ስለሱ የምጽፈውም የለኝ። የሚያበላኝ፣ የሚያጥበኝ፣ ሲያስፈልግም የሚመታኝ ሰው ኻልቶ ዘሀራ ነበረች። የተከራየነው በሀጃ ነፊሳ ሆሽ፣ ማለት በግቢያቸው ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ነው። ሀጃ ነፊሳ ባላቸው የሞተባቸው፣ ድምፃቸው የወፈረ፣ ሰፈሩ የሚፈራቸው ሱዳናዊት ናቸው።

በዚያ ዓመት ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲጀምር ዑስማን የሚባል የሎሪ ሹፌር ኻልቶን ለጋብቻ ጠየቀ። የዶንጎላ ሰው ነው። ዶንጎላ ከካርቱም ወደ ሰሜን፣ በረሃውን ተሻግሮ ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ይዟት የሚሄደው ወደዚያ ነው። ዑስማን መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን የሎሪውን ክላክስ እንድነፋ ፈቅዶልኛል። እናቴ እሺ አለች፣ ኻልቶም እሺ አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሀጃ ነፊሳ በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመሩ። «እናቷ እዚህ የለችም፤ እናቷ እኔ ነኝ» አሉ። በሱዳኖች ወግ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ትታሰራለች። ስሙም ሀብሳ ነው፣ እስር ማለት ነው። ፀሐይ አያያትም፣ ባሏ የሚሆነው ሰው አያያትም፣ ሥራ አትነካም። ትበላለች፣ ትታጠናለች፣ ትታሻለች፤ በቃ። የክፍላችን ወለል ተቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ ጠልህ ይጤሳል፣ ኻልቶ ከላዩ በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ እኔ ውጪ ነኝ፤ በበሩ ስንጥቅ የሚወጣውን ጢስ እቆጥራለሁ። እናቴ በመጀመሪያው ጁምዓ መጥታ ይህን ስታይ ሳቀች።

«ይሄማ የወሎ ወይባ ጢስ ነው!» አለች። «ለኛው ነገር ዐረብኛ ስም አውጥተውለት ነው እንጂ።»

ምግቡ ግን የወሎ አልነበረም። መዲዳ ይባላል፤ ቀጠን ያለ ገንፎ ነው፣ አብሽና ቴምር ያለበት፣ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ። ጠዋት አንድ ሳህን፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ሀጃ ነፊሳ ሳህኑን ባስቀመጡ ቁጥር የሚሉት ነገር አንድ ነው።

«ከዚህ ሆሽ አጥንት ሆና የወጣች ሙሽራ የለችም። ካልደለብሽ ወላሂ አላስወጣሽም!»

ቀልዳቸው ነው። እኔ ግን ያዝኩት።

የኔ ሥራ መላላክ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሱቅ ጠልህ አመጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ወርጄ ከዓም ኢድሪስ ርጅላ እገዛለሁ። ርጅላ ከሥጋ ጋር የሚሠራ ቅጠል ነው። ዓም ኢድሪስ ወንዙ ሲጎድል በሚወጣው ጭቃ ላይ ቅጠልና ዱባ የሚያበቅሉ፣ አንድ ዓይናቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ዓም ማለት አጎት ነው፤ ዘመዴ ግን አይደሉም። የሚያወሩኝ በዐረብኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የምገለብጠው እኔ ነኝ፣ ከተሳሳትኩም ጥፋቱ የኔ ነው።

ከእርሻቸው በታች፣ ውኃውና ጭቃው በሚገናኙበት፣ ወፎች ነበሩ። ከሩቅ ስታያቸው ጭቃው ራሱ የሚሄድ ይመስላል። እግራቸው ቀጭንና ረጅም፣ መንቁራቸውም ረጅም። መንቁራቸውን እንደ ወስፌ ጭቃው ውስጥ ይሰካሉ፣ ይነቅላሉ፣ ደግሞ ይሰካሉ። ቀና ብሎ የሚያይ የለም፣ የሚጫወት የለም። ሰፈር ውስጥ ድግስ ሲኖር አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲበላ አይቻለሁ። ስማቸውን ዛሬም አላውቅም። ዓም ኢድሪስ «የጭቃ ወፍ» ነበር የሚሏቸው፤ እኔም እዚያው ላይ ቆሜያለሁ።

ዓም ኢድሪስ ከፈረስ ጭራ በሠሩት ወጥመድ ይይዟቸው ነበር፤ ለመብላት ነው። ሲይዙ ግን ወዲያው አያርዱም። ወፏን መዳፋቸው ላይ በጀርባዋ ያስተኟትና ጉሮሮዋ ስር፣ ደረቷ የሚጀምርበት ላይ፣ እፍ ይላሉ። ላባው ለሁለት ይከፈላል።

«ና እይ፣ ያ ወለድ» አሉኝ አንድ ቀን፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

አጎንብሼ አየሁ። ከላባው ስር ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ከአጥንቶቹ መሐል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ባዶ ነው።

«ይቺ ገና ናት» አሉና ለቀቋት።

«ለምን ለቀቋት?»

«አጥንት ምኑ ይበላል? ትብላና ትምጣ። ያ ያየኸው ጉድጓድ ሞልቶ ቅቤ ሲመስል ጨርሳለች ማለት ነው። ስንቋን የምትቋጥረው እዚያ ነው። አቅማዳ የላት፣ ኪስ የላት።»

«ስንቅ ምን ያደርግላታል?»

«ትሄዳለቻ! ወደ ሰሜን። መጀመሪያ በረሃውን፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀው። መንገዱ ላይ ጭቃ የለም። ጭቃ ከሌለ ለሷ ምግብ የለም።»

«ጉድጓዱ ካልሞላስ?»

ዓም ኢድሪስ የወጥመዳቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው እየፈቱ ነበር። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። «ካልሞላማ ወዴት ትሄዳለች» አሉ፤ ለልጅ የሚሰጥ መልስ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይነጋገሩ፣ አንድ ነገር ነገሩኝ። ያልወፈረ አይሄድም። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ሁሉ ይሄ በለጠብኝ።

በማግስቱ ኻልቶን መስኮቱ ስር ተቀምጣ አገኘኋት። መስኮቱ የሚያየው ወደ ፍየሎቹ በረት ነው። ሳህኑ ጭኗ ላይ ነው፣ ቅቤው ረግቷል።

«አይወርድልኝም» አለችኝ። «ለፍየሏ ልስጣት ብዬ ነበር። አሸተተችና ጥላኝ ሄደች።»

«ለኔ ስጪኝ።»

«ትወደዋለህ እንዴ?»

አልወደውም። አብሽ ስኳር ቢሞሉበትም ይመራል። ግን ጨረስኩት፣ ሳህኑንም ላስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በመስኮት ታቀብለኛለች፣ እኔ ከፍየሎቹ መሐል ቁጢጥ ብዬ እበላለሁ። ባዶውን ሳህን እመልስላታለሁ፣ እሷም ለሀጃ ነፊሳ ታስረክባለች። «ማሻላህ!» ይላሉ ሀጃ። እኔ አንድ ማንኪያ በዋጥኩ ቁጥር ዶንጎላ ትንሽ የምትርቅ ይመስለኛል። ኻልቶ ሻሿን ልታስተካክል ቀና ስትል ጉሮሮዋ ስር አያለሁ። ጉድጓዱ አለ። ደስ ይለኛል።

ለምን እንደማትበላ አልጠየቅኳትም። ከኔ ጋር ለመቅረት ነው ብዬ ጨርሻለሁ። ተማክረን የያዝነው ሥራ ነበር የመሰለኝ። ስለሱ ግን አንድም ቀን አላወራንም።

ሌላው ሌላው ነገር ግን አልቆመም። የኻልቶ መልክ ተለወጠ። ጢሱ መጀመሪያ ቆዳዋን አጠቆረው። ከዚያ ሀጃ ነፊሳ ሽቶ በገባበት ሊጥ ሲያሿት የጠቆረው እንደ ጥንቅሽ ልጣጭ እየተነሳ ወደቀ፣ ከስሩ እንደ ነሐስ የሚያበራ ሌላ ቆዳ ወጣ። ወንዙ ዳርም እንደዚያው ሆነ። ግራጫ የነበሩት ወፎች ደረታቸው ቀላ። እኔ የጡብ ምድጃው አቧራ ነው ብዬ ዓም ኢድሪስ የያዟትን አንዷን ውኃ ውስጥ ነክሬ ማጠብ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብለው ነጠቁኝ። «ላባ ለወጠች እንጂ አልቆሸሸችም! ወደ ሠርጓ የምትሄድ ወፍ በአሮጌ ልብስ ትሂድልህ?»

«ወፍ ሠርግ አላት?»

«ከኔና ካንተ የተሻለ።»

ይሄን ስሰማ አልወደድኩትም።

ሲያርዷቸው ደግሞ አሳዩኝ። ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው የደረት ሥጋ ወፍሯል፣ በላዩ ቢጫ ስብ ተኝቶበታል። የሆድ ዕቃቸው ግን ከዚያ በፊት ካየሁት አንሷል። ዓም ኢድሪስ አንጀቷን ጣታቸው ላይ ጠቀለሏት፤ ቀለበት አታህልም።

«በመጨረሻው ላይ ሆዷን ታሳንሳለች» አሉ። «መብላት ካበቃ በኋላ ትልቅ ሆድ ምን ያደርጋል? ሸክም ነው። ምግብ ስትተው ካየሃት መንገዷ ቀርቧል በል።»

በኋላ አንድ ሰው ይሄን ሳወራ ሰምቶ ሊከራከረኝ ሞክሯል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ አልመለስኩለትም። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ምግብ የተወች መንገዷ ቀርቧል? ሮጬ ቤት ገባሁና የኻልቶን ጉሮሮ አየሁ። ጉድጓዱ እንዳለ ነው። ተመስገን፣ ገና ናት አልኩ።

ከወፎቹ መሐል አንዲት አንካሳ ነበረች። የሆነ ወጥመድ ጣቷን ቆርጦባታል። ጥሩ ጥሩውን ጭቃ ሌሎቹ ይይዙባታል፣ እሷ የተረፈውን ትጭራለች። ዓም ኢድሪስ ደጋግመው ይይዟታል፣ እፍ ይሉባታል፣ ይለቋታል። እንግዲህ የምትቀረው እሷ ናት ብዬ ወሰንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላያት እመጣለሁ፣ ክረምቱን አብረን እንከርማለን።

ወደ መጨረሻው ወፎቹ ማምሻውን አርፎ መቀመጥ እምቢ አላቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብድግ ይላሉ፣ እየጮሁ ወንዙን ይዞራሉ፣ ተመልሰው ያርፋሉ። ደግሞ ብድግ ይላሉ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ነፋስ እየጠበቁ ነው» አሉ ዓም ኢድሪስ። «አሁን የሚነፍሰው ከሰሜን ነው፣ ፊታቸውን ይመታቸዋል። ከኋላ የሚገፋቸው የመጣ ዕለት አያድሩም።»

ቤትም እንዲሁ ነበር። ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጮሃሉ፣ ሳጥን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ፣ ሀጃ ነፊሳ የሠርጉን ልብስ ሊለኩላት የኻልቶን ትከሻ ገለጡ። አጥንቷ እንደ ገመድ ወጥቷል። ከዚያ ዞር ሲሉ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መጥተው ጉንጬን በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ ሳብ አድርገው ለቀቁት።

«ሱብሃነላህ!» ብለው ጮኹ። «ጢሱ ለሷ፣ ቅቤው ለዚህ! ኧረ ሰዎች፣ ለዑስማን የምንድረው የትኛውን ነው?»

ጎረቤቶቹ በሳቅ ወደቁ።

«እሱን ሂና ቀቡት እንጂ!» አለች አንዷ።

«ኧረ ተዉት፣ የሎሪውን ጎማ ያፈነዳል!» አለች ሌላዋ።

ኻልቶ ብቻ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

በማግስቱ ጁምዓ ነው፣ እናቴ መጣች። ሀጃ ነፊሳ ገና በር ላይ ነገሯት። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ኻልቶ ፊት ቆመች።

«በባዶ ሆድ ነው መንገድ የምትወጪው?» አለቻት። «እኔና አንቺ ያየነውን ረሳሽው?»

እናቴና ኻልቶ ከወሎ ወደ ሱዳን የመጡት ሲራቡ ነው፣ በእግራቸው። ከቤታቸው ሲወጡ እናታቸው አብራቸው ነበረች። መተማ የደረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቴ ስለዚህ አታወራም፤ ያን ቀንም ከዚህ በላይ አላወራችም።

«አልረሳሁትም» አለች ኻልቶ። «ለዚያ ነው የማይወርድልኝ። ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ጥሩ ሰው ነው። መንገዱን ነው። በረሃው ትዝ ሲለኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል።»

እንግዲህ ለኔ ብላ አልነበረም። ይሄን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ግን ቢሆንም አልሄድም እያለች ነው ብዬ ሀጃ ነፊሳን አየኋቸው።

«በቃ አያስወጧትማ!» አልኳቸው። «ካልደለበች አላስወጣትም ብለዋል።»

«ያማ ቀልድ ነው፣ ልጄ» አሉ ሀጃ ነፊሳ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ። «ዑስማን ሎሪውን ጭኗል። ሎሪዎቹ አብረው ነው የሚወጡት፤ ብቻውን በረሃ አይገባም። ወፈረችም ከሳችም ትሄዳለች።»

ከቤት ወጥቼ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ርጅላ ልግዛ ብዬ አልነበረም። አንካሳዋን ልይ ብዬ ነው። ሀጃ ነፊሳ ቃላቸውን ቢያጥፉም ወፏ አታጥፍም አልኩ።

የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ ሁልጊዜ ወደ ደቡብ ነበር የሚያጎነብሰው። ያን ቀን ወደ ሰሜን ተኝቷል። አየሁት፤ ግን ልብ አላልኩትም። ዓም ኢድሪስ እርሻቸው ዳር ቆመው ነበር፣ ወጥመዳቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ጠቅልለዋል።

ወፎቹ መብላት ትተዋል። ውኃ ይነከራሉ፣ ላባቸውን አንድ በአንድ በመንቁራቸው ያበጥራሉ። ከዚያ አንዱ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። ብድግ አሉ፣ እንደ ሌላው ቀን ወንዙን ዞሩ። ተመልሰው ይወርዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሁለተኛ ዞሩ፣ ከፍ ብለው። ከዚያም ከፍ ብለው። ጩኸታቸው እየቀጠነ ሄደ። አንካሳዋ ጭቃው ላይ ብቻዋን ቀርታለች፣ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ።

«ይኸው!» አልኩ። «ይኸው፣ ቀረች!»

አንድ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ በአንድ እግሯ ሁለት ሦስቴ ዘለል ዘለል አለችና ተነሳች። ዝቅ ብላ ነው የበረረችው፣ ሌሎቹ ላይ ለመድረስ ክንፏን ከእነሱ ይበልጥ እየመታች። ነጥብ እስክትሆን አየኋት።

«ዓም ኢድሪስ! አንካሳዋ ሄደች! ጉድጓዷ አልሞላም እኮ!»

«አዎ፣ አልሞላም።»

«ታዲያ ለምን ሄደች?»

«ጓደኞቿ ተነሥተው፣ ነፋሱ መጥቶ፣ ማን ብቻውን ጭቃ ላይ ይቀራል? ወፍራሙም ቀጭኑም ይሄዳል፣ ያ ወለድ። ልዩነቱ መድረሱ ላይ ነው።»

ቁጭ አሉ። እኔም ቁጭ አልኩ።

«ወጣት ሆኜ በሎሪ ዶንጎላ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «በረሃው መሐል ለሶላት ወረድን። ልሰግድ ስል ግንባሬን የማሳርፍበት ቦታ ላይ ከነዚህ ወፎች አንዷ ሞታ ተኝታለች፣ ክንፏን ዘርግታ። አነሣኋት። ክብደት የላትም፣ ደረቅ ቅጠል በላት። እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ እፍ አልኩባት።»

የቀረውን አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኳቸውምም። ርጅላ በነፃ ሰጡኝ፣ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሀጃ ነፊሳ የሱብሂ ሶላታቸውን ጨርሰው ማድ ቤት ሲገቡ እኔ እዚያ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምነው፣ ራበህ እንዴ ሙሽራው?» አሉኝ።

«ቅቤ ይጨምሩበት» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ጨመሩ። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

«ብዪ» አልኳት ኻልቶን።

«ና ተካፍለን እንብላ።»

«አንቺ ነሽ የምትሄጂው። እኔ የትም አልሄድም።»

ማንኪያውን ይዛ ቆየች። ከዚያ የመጀመሪያውን ማንኪያ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ መድኃኒት ዋጠችው። ሁለተኛውንም። «እንደዚህ አትየኝ» አለችኝ። አየኋት። ሳህኑ እስኪያልቅ ከፊቷ አልተነሳሁም።

ስትጨርስ ተጠጋሁና ሻሿን ገለጥ አድርጌ ጉሮሮዋ ስር እፍ አልኩባት።

«ምን ትሆናለህ አንተ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ሰንብቷል።

ጉድጓዱ እንዳለ ነው።

«ገና ነሽ» አልኳትና ሳህኑን ይዤ ሁለተኛ ላስጨምርላት ወጣሁ።